አያ ተገኘ በተቀበሩበት ቀን ካይሮ ነበርኩ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወረታ ላይ ሻይ ቤት በገባሁ ቁጥር የሚጠብቀኝ ነገር አንድ ነው። "ግብፁ መጡ" ይላሉ፤ ስሜን ከረሱት ቆይተዋል። ከዚያ አንዱ ወጣት ወንበሩን ሳብ ያደርግና ፒራሚዱ ምን ያህላል፣ ግመል ላይ ወጥተዋል ወይ፣ አባይ እዚያ ሲደርስ ምን ይመስላል ይለኛል። እኔም እንደ ነገሩ መልሼ ሻዬን እጠጣለሁ። ዕድሜ ልኬን ርብና ጉማራ ላይ ውሃ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚያ የሚጠይቀኝ የለም። ለአንድ ቀን ሽርሽር ግን ሁሉም ጆሮ አለው።

እንግዲህ ልናገረውና ይውጣልኝ። ያን ቀን፣ እኔ ፒራሚድ ስር ቆሜ ጥርሴን ሳሳይ፣ ሥራዬን ያስተማሩኝና እንደ አባት የማያቸው አያ ተገኘ እዚህ አገር ቤት ቁሐር ሚካኤል ይቀበሩ ነበር። አብሮኝ የነበረው ሰይድ ይህን ያውቅ ነበር። ከተማዋን ቀኑን ሙሉ እያዞረ ሲያስጎበኘኝ እያወቀ ነው። እኔ አላውቅም።

ሥራ የጀመርኩት ገና ጢም ሳላበቅል፣ ርብ ድልድይ ላይ ነው። ሥራው ላየው ሰው ቀላል ነው። ወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ተተክሏል፤ ጧትና ማታ ሄደህ ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ አይተህ ትጽፋለህ። አልፎ አልፎ ደግሞ ውሃው የሚያሽከረክረው ትንሽ መሣሪያ ከድልድዩ ላይ በገመድ ወደ ውሃው እያወረድን ፍጥነቱን እንለካለን፤ አንዱ ዙሩን ይቆጥራል፣ ሌላው ይጽፋል። ደመወዙ ለአንድ ሆድ እንጂ ለትዳር የሚበቃ አልነበረም፤ እሱን ልተወው። ከርብ ወደ መገጭ ወሰዱኝ፣ ከመገጭ መልሰው ጉማራ አመጡኝ። ጉማራ ላይ አያ ተገኘን አገኘሁ።

የቁሐር ሚካኤል ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ቀስ የሚሉ፣ ሲቆጡ ጭራሽ የሚዘጉ። ለእሳቸውና ለባለቤታቸው ለእትዬ የሺ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። የመጀመሪያው ቀን ድልድዩ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁና ቁጥሩን ነገርኳቸው። ጫማቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ፣ በጭቃው እየተንሸራተቱ ወደ ውሃው ወረዱ። እኔ ላይ፣ እሳቸው ታች ሆነን ትንሽ ቆየን። አፍሬ ተከተልኳቸው።

ከድልድይ ላይ የታየ ቁጥር ለእሳቸው ቁጥር አይደለም። ቁጢጥ ብለው ዓይናቸውን ከውሃው ጋር እኩል ያደርጋሉ። ማዕበሉ ሲመጣ ሰሌዳው ላይ የት እንደሚነካ፣ ሲመለስ የት እንደሚቀር ደጋግመው አይተው መሃሉን ይይዛሉ። ከዚያ ቁጥሩን ጮክ ብለው ለወንዙ ይነግሩትና "ልክ ነኝ?" ይሉታል። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ዝም ብለው ነው ወደ እኔ የሚዞሩት። መጀመሪያ ነካ ያደረጋቸው መስሎኝ ነበር። ኋላ እኔም ስጠይቀው ራሴን ያዝኩት።

ደግሞ ውሃው ምን ተሸክሞ እንደመጣ ሳያዩ አይመለሱም። ደረቅ ገለባና ኩበት ካመጣ ዝናቡ እዚሁ ሜዳው ላይ ጥሏል ማለት ነው፤ ቶሎ ይጎድላል። ያልጠወለገ ቅርንጫፍ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ቁጥቋጦና ቀይ ጭቃ ካመጣ ግን ዝናቡ ጉና ተራራ ላይ ነው፤ ገና ይመጣል። ክረምት በገባ ቁጥር የታች ሰፈር ሰዎች ከብታቸውን ወደ ሜዳው ከመልቀቃቸው በፊት ድልድዩ ላይ መጥተው እሳቸውን ይጠይቁ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ እንዲሁ ልማድ ሆነ።

አለቆች መጥተው ሄደዋል፤ አብዛኞቹን ስማቸውንም አላስታውስ። አንዱ ብቻ አይረሳኝም። ባሕር ዳር ቢሮው ተቀምጦ ቁጥሮቻችን አያምሩም፣ ለምን ሙሉ ሙሉ አታደርጓቸውም ይለን ነበር። አንድ ቀን ለጉብኝት ሲመጣ አያ ተገኘ ይዘውት ወደ ውሃው ወረዱና ወንዙን እያሳዩ፣ "እስቲ አንቱ ንገሩት፤ እኔን እምቢ ብሎኛል" አሉት። እኔና ሰይድ ሳቃችንን መያዝ አቃተን።

ሰይድን ላስተዋውቅ። የወረታ ልጅ ነው። አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ግን ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ መዋል አልሆንልህ አለውና ከእኛ ጋር ውሃ ለኪ ሆነ። አያ ተገኘ ሁለታችንንም አንድ ላይ ነው ያሠለጠኑን። ሲጠሩን አንዱን ስም ጠርተው ሌላውን ማለታቸው ነበር፤ ማን ማን እንደሆንን ግድም አልነበራቸው።

አሁን ወደ ክፉው ቀን። አንድ ነሐሴ ጉማራ ሞልቶ ሰንብቶ ጎደለ። ከብት ጎተራ አጠገብ ታስሮ ተርቧል፣ ሰው ወደ ሳሩ ሊመልሰው ቸኩሏል፤ ድልድዩ ላይ ቆመው አያ ተገኘን ይጠብቃሉ። እሳቸው ወርደው አዩ። የሚንሳፈፈው ገለባ ብቻ ነው። እኔም ሰይድም ወርደን አየን፤ ያው ገለባ። "ጎድሏል፤ ልቀቁ" አሏቸው። ለቀቁ። ለካ ላይኛው አገር ተራራ ተንዶ ወንዙን አግዶት ኖሯል፤ ቅጠሉንም ቁጥቋጦውንም ከኋላ ይዞ አስቀርቶታል። ከሰዓት በኋላ ግድቡ ተበጠሰና ሁሉም ባንዴ መጣ።

ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። ከብቱ ግን አለቀ። እነዚያ ትልልቅ የፎገራ ላሞች ቀንዳቸው ብቻ እየታየ ሲሄዱ ቆመን አየን፤ የአያ ተገኘ ወንድም በሬዎችም አብረው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው እንኳ ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። እኔ የሚመስለኝ የጎዳቸው ይሄ ነው፤ ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር። ሰዎቹ እንደ ድሮው መምጣታቸውን አልተዉም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ሲጠየቁ መጀመሪያ "እኔ እንጃ" ይላሉ፤ ብዙ ቆይተው ነው የሚመልሱት።

በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ መሐንዲስ መጣና ወንዙ ዳር ተቀምጠን ስንጨዋወት ካይሮ ውስጥ ስላለ የውሃ መለኪያ አወራን። ከሺህ ዓመት በፊት የተሠራ ነው አለ። ወንዙ ላይ አይደለም የሚለኩት፤ ውሃውን በዋሻ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ያስገቡትና ጉድጓዱ መሃል በቆመ የድንጋይ ዓምድ ላይ ከፍታውን ያያሉ። የሚለኩት ውሃም ሌላ አይደለም፤ በእኛ እግር ስር አልፎ፣ ጣና ገብቶ፣ በአባይ የወረደው ነው። አያ ተገኘ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። መሐንዲሱ ከሄደ በኋላ "ጉድጓድ ውስጥ ይረጋል እኮ" አሉ። "እኛን እየሮጠ ነው የሚያናግረን። እነሱን ግን ረግቶ ያናግራቸዋል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር አልተዉትም። ጡረታ ወጡ፤ አልተዉትም። ቤታቸው ስሄድ ያንን ዓምድ ያየ ሰው አላገኘህም ወይ ይሉኛል። እኔ ከየት አባቴ ላገኝ? ወረታ ላይ ግብፅ የሄደ ሰው በምን ዕድል?

ዕድሉ ለራሴ መጣ። አባይ ከሚያገናኛቸው አገሮች ለሚመጡ ውሃ ለኪዎች ሥልጠና ካይሮ ተዘጋጅቶ ከእኛ መሥሪያ ቤት እኔና ሰይድ ተመረጥን። ያኔ የአባይ ግድብ ነገር ገና እንዲህ አልከረረም። ነገሩ ክረምት ላይ ስለነበር ሰሌዳውን ማን ያያል ተባለ፤ አያ ተገኘ እኔ አለሁ አሉ። ሽማግሌው በዚያ ዕድሜያቸው እንደገና ጫማቸውን አውልቀው ሊወርዱ። አይሆንም ብዬ ብለምናቸውም አልሰሙኝም። ልሰናበታቸው ሄጄ ጉልበታቸውን ስስም ራሴን ይዘው፣ "ደህና አድርገህ እየልኝ" አሉኝ። "ስትመለስ ቁጭ ብለህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትነግረኛለህ። ደግሞ ቶሎ ና፤ ቀባሪዬ አንተ ነህ።" እየሳቁ ነው ያሉት። እኔም ሳቅሁ።

ሥልጠናው አልቆ የመጨረሻው ቀን ባዶ ቀን ነበር። ስነቃ ሰይድ ልብሱን ለብሶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል። ምነው ስለው እንቅልፍ እምቢ አለኝ አለ። የሚሠራው ስልክ የእሱ ብቻ ስለነበር እስቲ ቤት ደውዬ የአያ ተገኘን ደህንነት ልጠይቅ አልኩት። ካርድ አልቋል፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንውጣ ብሎ ተነሣ። እንዲያ ቸኩሎ አይቼው አላውቅም።

በቅድሚያ ፒራሚዶቹ ጋ ሄድን። ከሩቅ ሲያዩት የሳር ክምር ነው የሚመስለው፤ ስር ሲቆሙ ግን ጫፉን ለማየት አንገት አይበቃም። ድንጋዩን በእጄ እየዳሰስኩ ይሄን ያነሣ ሰው ምን በልቶ ነው አልኩ። ግመል ላይ ካልወጣሁ ብዬ ተከራከርኩ፤ ወጣሁ፤ ግመሉ ሲነሣ በአፍጢሜ ልደፋ ስል ባለቤቱ ለቀም አደረገኝ። እንዲያ ስቄ አላውቅም፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሰይድ በስልኩ ፎቶ አነሣኝ። ያ ፎቶ ዛሬም አለ፤ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ሰዓቱን ሳሰላው፣ ያኔ ቁሐር ሚካኤል ለአያ ተገኘ ፍትሐት ላይ ነበሩ።

ከዚያ አሮጌው ከተማ ወሰደኝ። እመቤታችን ቤተክርስቲያን ገባሁ፤ በጥንት ምሽግ በር ላይ ከፍ ብላ የታነፀች ናት፣ ጣሪያዋ እንደ ተገለበጠ ጀልባ። ሰይድ ውጭ ቀረ። ጧፍ ገዝቼ አበራሁና ስወጣ ለማን አበራህ አለኝ። ለአያ ተገኘ ጤና ነው አልኩት፤ በዚህ ዝናብ ጭቃ ለጭቃ እየወረዱ እንዳይታመሙብኝ። ሰይድ ዞሮ መንገዱን ቀደመኝ። እዚያው ቅርብ ካለው ትልቅ መስጊድ ሲደርስ ሊሰግድ ገባ። ጫማውን ይዤ ግቢው ውስጥ ጠበቅሁት፤ በጣም ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ርጥብ ነበር። ከስግደት በፊት ለውዱእ የታጠበበት ውሃ መሰለኝ።

ቀጥሎ ሮዳ ሄድን። ሮዳ አባይ መሃል ያለች ደሴት ናት፤ መለኪያው ያለው ጫፏ ላይ ነው። ቤቱ ሾጣጣ ጣሪያ አለው፤ ውስጡ በቀለምና በወርቅ ያበደ። መሃሉ ላይ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከጉድጓዱ መሃል ያ ዓምድ ቆሟል። እንደ እኛ ሰሌዳ ሥርዓቱን ጠብቆ ክፍል በክፍል ተከፋፍሏል፤ ከእኔ በፊት ስንት ሰው ዓይኑን ከውሃው እኩል አድርጎ አይቶታል። ግድግዳው ላይ በድንጋይ የተቀረጸ አረብኛ አለ። ሰይድን ምን ይላል አልኩት። ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለውን አጥር ተደግፎ ማንበብ ጀመረ። ከሰማይ ስለሚወርድ ውሃ ነው አለኝ፤ ምድሪቱ እንዴት እንደምትለመልም። ትንሽ አንብቦ ድምፁ ተሰበረ። አየር አጠረኝ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። የሃይማኖቱ ቃል ነክቶት ነው ብዬ ቀናሁበት እንኳ።

እኔ ጠባቂውን በምልክት ለምኜ በደረጃው ወረድኩ። ግድግዳውን እየተደገፍኩ እስከ ታች። እዚያ ስደርስ ቆምኩ። ጉድጓዱ ደረቅ ነው። ውሃው የሚገባባቸው ዋሻዎች ከተደፈኑ ቆይተዋል፤ ስሩ አቧራ ብቻ ነው። አባይ ከግንቡ ማዶ ይሄዳል፣ እዚህ ግን ጠብታ የለም። ቁጢጥ አልኩ። ዓይኔን ከምን ጋር እኩል ላድርገው? ያ ሽማግሌ ስንት ዓመት ሙሉ ያለመው የረጋ ውሃ የለም። እዚያው ተቀምጬ አሰብኩ፤ ይሄን እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ? አውሮፕላን ውስጥም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

ወረታ ስንደርስ ምሽት ነበር፤ ቤተሰቦቼ እንደ ወትሮው ተቀበሉኝ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ስወጣ የቁሐር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እንዲህ ያለ አመጣጥ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አገር ለቆ የሄደ ሰው መርዶ በስልክ አይነገረውም፤ ወገን መሃል ገብቶ፣ ሲነጋ፣ የሚይዘው ሰው ባለበት ነው። ልማዱን አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰው እኔም አርድቻለሁ። አያ ተገኘ ሰሌዳውን አይተው ሲመለሱ ብርድ መታቸው፣ ወደ ሳንባ ገባ፣ ጥቂት ቀን ታመው አረፉ። ጮኽኩ። ኋላ የቀብሩን ቀን ስጠይቅ ነው የሰይድ ነገር የገባኝ።

ሰይድን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት። ታውቅ ነበር? "አውቅ ነበር" አለ። ሌላ አልጨመረም።

ሁሉም ሰው ሰይድ ደግ አደረገ አለኝ። ብነግርህስ ምን ታደርግ ነበር፣ ክንፍ አብቅለህ ለቀብር ትደርስ ነበር? አልደርስም፤ አውቃለሁ። ግን ባለቅስ እዚያው አለቅስ ነበር። ቀባሪያቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው አፈር ሲለብሱ እኔ ግመል ላይ ሆኜ ስንከተከት ፎቶ አነሣኝ። ይሄን መዋጥ አቃተኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ድልድይ ላይ፣ አንድ ገመድ ይዘን ዓመታት ሠራን፤ እሱ ይቆጥራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከቁጥር በስተቀር ቃል አልተለዋወጥንም። ቀድሞኝ ጡረታ ወጥቶ የሚስቱ አገር አንበሳሜ ሲገባ አልሸኘሁትም።

አሁን ሰሌዳው አጠገብ መሣሪያ ተተክሎ ቁጥሩን ራሱ ይልካል፤ ወደ ውሃው የሚወርድ ሰው አያስፈልግም። እኔም ወጣሁ። ልጆቼ ለጡረታዬ ትንሽ ድግስ ደገሱ። እትዬ የሺ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው ጣራ ገዳም ነበሩ፤ አሁን እማሆይ ነው የምንላቸው። ለእኔ ብለው ያን ሁሉ መንገድ መጡ። ተቀምጠው ዙሪያውን አዩና ሰይድ የት አለ አሉ። አልጠራሁትም አልኳቸው። "እስካሁን?" አሉኝ። ደንግጠው። ከዚያ እጄን ይዘው ነገሩኝ። አያ ተገኘ አልጋ ላይ ሆነው እንደማይተርፉ ሲያውቁ ራሳቸው ለሰይድ ደውለውለት ኖሯል። ስልኩን ጆሯቸው ላይ የያዙት እማሆይ ናቸው፤ ሲያርፉም ለሰይድ የነገሩት እሳቸው ናቸው።

"መርዶዬን ከሰማ ያንን ነገር አያየውም፤ ቢያየውም በእንባ ነው። ሳያይልኝ እንዳይመለስ፤ ማልልኝ" ብለውት ሰይድ ማለላቸው።

በማግስቱ መኪና ይዤ አንበሳሜ ሄድኩ። ሰይድ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል፤ ያ የሸሸው ሱቅ በመጨረሻ አገኘው። ከስቷል። ሲያየኝ ተነሣ፣ ከዚያ መልሶ ተቀመጠ። እማሆይ ነግረውኛል አልኩት። ያዘዙህ እሳቸው መሆናቸውን ለምን ሸሸግኸኝ?

እጁን ባንኮው ላይ አሳርፎ መለሰ። "ብነግርህ እሳቸውን ትቀየማለህ። ከሞተ ሰው ጋር እንዴት አድርገህ ትታረቃለህ? እኔ በሕይወት አለሁ፤ እኔን ቢቀየም ይሻላል አልኩ።"

አለቀስኩ። አላፈርኩም፤ ደንበኞቹ እያዩኝ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ወንበር ሰጠኝና ከባንኮው ኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ያን ቀን ከጧት እስከ ማታ አንዳች ነገር አላየሁም አለኝ። የእኔን ፊት ሲጠብቅ፣ የራሱን ሲደብቅ ዋለ። ጉድጓዱንም አላየውም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነው የወጣው።

"እስቲ ንገረኝ" አለ። "ለእሳቸው ልትነግራቸው የነበረውን። ከጫፍ እስከ ጫፍ።"

ነገርኩት። ጣሪያውን፣ ወርቁን፣ ዓምዱ እንዴት እንደተከፋፈለ፣ እሱ ራሱ ያነበበልኝን ቃል። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ደረጃውን እስከ ታች ወረድኩ አልኩት፤ እዚያ ላይ አቆምኩ።

"ውሃውስ?" አለኝ። "ረግቷል?"

"ረግቷል" አልኩት።